የውጭ ፓስፖርት ይዛችሁ ሀዋሳ ላይ ሳትከስሩ ለመታከም

ካናዳ 16 አመት ቆይቼ ሀዋሳ ከተመለስኩ ሶስት አመት ሊሞላኝ ነው፣ በወረቀት የውጭ ዜጋ ነኝ፣ በአፌ ግን ያው የፒያሳ ልጅ ነኝ። ከኔ በኋላ ጠቅልለው የመጡ አሉ፣ ፈረንጅ ባል ወይ ሚስት ይዘው የመጡ አሉ፣ ለስድስት ወር ብለው መጥተው ሀይቁን አይተው የቀሩም አሉ፣ ሁሉም ሲያገኙኝ ሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፣ "ብታመም የት ልሂድ? ለኛ ያስወድዳሉ አይደል?" ስለዚ እኔ ከስሬ የተማርኩትን ልፃፈውና እናንተ ሳትከስሩ ተማሩት።

በመጣሁ በሁለተኛው ወር፣ ጥቅምት ላይ ነው፣ ማታ ማታ ብርድ ብርድ ይለኝ ጀመር፣ ከዛ ትኩሳት፣ ከዛ መገጣጠሚያዬ ሁሉ ተቆራረጠ። ደነገጥኩ። ባጃጅ ውስጥ ገብቼ "ጥሩ ሆስፒታል ውሰደኝ" አልኩት፣ ልጁም አላጠፋም፣ መስታወቱ ሚያብረቀርቅ ህንፃ በር ላይ አወረደኝ። ካርድ ክፍል መታወቂያ ሲሉኝ ያለኝን ፓስፖርት መዘዝኩ። ልጅቷ ፓስፖርቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገችና የካርዱን ዋጋ ነገረችኝ፣ ከፊቴ የነበሩት እናት ከከፈሉት ሶስት እጥፍ። ከዛ ሙሉ የደም ምርመራ፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ አልትራሳውንድ፣ ግሉኮስ ተሰክቶልኝ አንድ ሌሊት አደርኩ። መጨረሻ ላይ ምን ተገኘ፣ ወባ። እቤት ስመለስ ጎረቤታችን እማማ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፣ "ለወባ ነው እንዴ ይሄን ሁሉ ብር ያፈሰስሽው? ጤና ጣቢያ በጣትሽ ደም አይተው መድሃኒቱን በነፃ ይሰጡሽ ነበር እኮ ልጄ!" እውነታቸውን ነው። ብሬን የበላው የገባሁበት በር ነው።

ስለዚ ከመታወቂያ እንጀምር። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ከሆናችሁ ቢጫ ካርድ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን ማለቴ ነው፣ አውጡ፣ ዛሬ ነገ አትበሉ። መሰረቱ በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ነው፣ ሰው ሁሉ ሚያውቀው ያለ ቪዛ መግባቱንና ያለ ስራ ፈቃድ መስራቱን ነው፣ ግን እዛው አዋጅ ውስጥ የውጭ ዜጎች ላይ በኢኮኖሚ፣ በማህበራዊና በአስተዳደር አገልግሎቶች የሚጣል ገደብ ባለካርዱን እንደማይመለከት ተፅፏል። ካርድ ክፍል ላይ አዋጅ መጥቀስ ሞኝነት ሊመስል ይችላል፣ እኔ ግን ሁለት ጊዜ በትህትና ጠቅሼ አንዱ ጋ ሰርቶልኛል፣ ሌላው ጋ ልጅቷ ሃላፊዋን ጠርታ ቅናሽ አደረጉልኝ። ቢጫ ካርድ ስትሉ ደሞ የቱን እንደሆነ ግልፅ አድርጉ፣ አንድ ዘመዳችን "ቢጫ ካርድህን ይዘህ ና" ሲባል የቢጫ ወባ ክትባት ደብተሩን ይዞ ሄዶ ግማሽ ቀን ተሰልፎ ተመልሷል፣ ሁለቱም ቢጫ ናቸው ምን ያድርግ። ብሄራዊ ዲጂታል መታወቂያውን ፋይዳንም አውጡ፣ ፋይዳ በህጋዊ መንገድ እዚህ ለሚኖር የውጭ ዜጋም ይሰጣል። አንድ የሀገር ውስጥ መታወቂያ ኪሳችሁ ውስጥ ካለ ፓስፖርቱ እቤት ይቀመጥ። ዋሹ እያልኩ አይደለም፣ ዜግነት ከጠየቋችሁ እውነቱን ተናገሩ፣ ግን ያልተጠየቀ ፓስፖርት ቀድሞ መምዘዝ "ኑ ጨምሩብኝ" ማለት ነው።

ፈረንጅ ባል ያላችሁ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ኮፒ አድርጋችሁ ያዙና ጥያቄው ሁሌ "ለነዋሪ ስንት ነው?" ይሁን። የትም ቦታ የተለጠፈ የነዋሪ ዋጋ ላይኖር ይችላል፣ ጥያቄው ራሱ ግን እንግዳ እንዳልሆናችሁ ይናገራል። እሱ ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ እናንተ ተናገሩ።

አሁን የት ይኬዳል ለሚለው። በሀገራችን አሰራር ከታች ወደ ላይ ነው ሚኬደው፣ ጤና ጣቢያ፣ ከዛ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከዛ ስፔሻላይዝድ። ሀዋሳ ላይ ይሄ ማለት የክፍለ ከተማችሁ ጤና ጣቢያ፣ ከዛ አዳሬ፣ ከዛ ሰው ሁሉ "ሪፈራል" ብሎ ሚጠራው የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ሪፈራል ያለ ሪፈር ወረቀት ሄዶ መጋፈጥ ቀን ማቃጠል ነው፣ ወረቀቱን ጤና ጣቢያው ይፅፍላችኋል። ውጭ የኖረ ሰው ጤና ጣቢያ ሲባል ፊቱን ያጨማድዳል፣ እኔም አጨማድጄ ነበር። ግን ለወባ፣ ለህፃናት ክትባት፣ ለእርግዝና ክትትል፣ ለቲቢ ከጤና ጣቢያ የተሻለ የለም፣ እነዚህን ቀን በቀን ነው ሚሰሩት፣ ደሞ በመንግስት ተቋም ቲቢ፣ ክትባት፣ የወሊድ አገልግሎት ሚከፈልባቸው አይደሉም። ቡሹሎ ያለው የካቶሊክ ጤና ጣቢያም በእናቶች ህክምና ስሙ የቆየ ነው፣ የሀዋሳን እናቶች ጠይቁ።

ወባ ካልኩ አይቀር፣ ሀዋሳ ስትኖሩ ክረምቱ ወጣ ሲል ከመስከረም እስከ ታህሳስ ያለ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ፣ በዛው ቀን ተመርመሩ። ውጤቱ ላይ የወባው አይነት ፋልሲፓረም ነው ወይስ ቫይቫክስ ነው ሚለውን አስነብቡ፣ መድሃኒቱ ይለያያል። ኮአርተም ሚባለው የወባ ኪኒን ከተሰጣችሁ በባዶ ሆድ አትዋጡት፣ ወተት ወይ ቅባት ያለው ምግብ ይፈልጋል፣ አለበለዚያ በደንብ አይሰራም። ቫይቫክስ ደሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይመለሳል፣ ለሱ ፕሪማኩዊን ሲታዘዝላችሁ "አሁን ተሽሎኛል" ብላችሁ በአምስተኛው ቀን አታቁሙት። እርጉዝ ከሆናችሁ ግን ፕሪማኩዊን አይወሰድም፣ ቀድማችሁ ተናገሩ።

በመንግስትና በግል መሀል ያለውን በር ብዙ ሰው አያውቀውም፣ እሱም የግል ክንፍ ነው፣ ፕራይቬት ዊንግ ይሉታል። የመንግስት ሆስፒታሎች ከስራ ሰዓት ውጪና ቅዳሜና እሁድ በራሳቸው ሀኪሞች በክፍያ ሚያክሙበት አሰራር ነው፣ ከመንግስቱ ይወደዳል ከግል ሆስፒታል ግን በአብዛኛው ይረክሳል፣ ሰልፉም ያጥራል። የምትፈልጉት ስፔሻሊስት በየትኛው ቀን እንዳለ ካርድ ክፍል ሄዳችሁ ጠይቁ። ቀን መንግስት ሆስፒታል የሚያክመው ዶክተር ማታ የግል ክሊኒክ የመቀመጡ እድልም ሰፊ ነው፣ ስለዚ ስሙን የሰማችሁትን ሀኪም መጀመሪያ በርካሹ በር ፈልጉት። ሰውዬው ያው አንድ ሰው ነው።

ግል ክሊኒክ ስትሄዱ ደሞ ዋጋ መጠየቅ ነውር አይደለም። ውጭ ሀገር ኢንሹራንስ ይከፍለው ስለነበር ዋጋ መጠየቅ ረስተናል፣ እዚህ ሁሉም ሰው ይጠይቃል። ካርድ ስትቆርጡ "ስንት ነው?" ብቻ ሳይሆን "ለስንት ቀን ይሰራል?" በሉ፣ ምክንያቱም ብዙ ቦታ አንዴ የተቆረጠ ካርድ ለተወሰኑ ቀናት ያገለግላል፣ በዛ ውስጥ ውጤት ይዛችሁ ስትመለሱ ድጋሚ አትከፍሉም፣ እኔ ይሄን ሳላውቅ በ12 ቀን ውስጥ ሁለቴ ከፍያለሁ። የላብራቶሪ ወረቀት በእጃችሁ ሲሰጧችሁ ክፍያ ክፍል ከመሄዳችሁ በፊት ዶክተሩን "ዛሬ የግድ የሆነው የቱ ነው? የቱ ውጤት አይቶ ነው ሚታሰበው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ጥሩ ሀኪም አይቆጣም፣ እኔ እንደውም ከስድስት ምርመራ ሶስቱን የሰረዘልኝ አጋጥሞኛል። ሚቆጣ ከሆነ ካርዱን ትታችሁ ውጡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ታይፎይድ። ትንሽ ሆዳችሁን ባላችሁ ቁጥር "ታይፎይድና ታይፈስ አለብሽ" ተብላችሁ የአንቲባዮቲክ ከረጢት ይዛችሁ ልትወጡ ትችላላችሁ። ብዙ ቦታ ሚሰራው ዊዳል ሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ነው፣ እሱ ደሞ ድሮ ታማችሁ ወይ ተከትባችሁ ከሆነም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል፣ አስተማማኝ አይደለም፣ ከሱ የሚሻለው የደም ካልቸር ነው፣ ጀርሙን ራሱን ከደም አሳድጎ ሚያየው። ከውጭ ስትመጡ የታይፎይድ ክትባት ወስዳችሁ ከነበረ ይሄን ለሀኪሙ ተናገሩ። ጓደኛዬ በአንድ አመት አራት ጊዜ ታይፎይድ ታክማለች፣ አራት ጊዜ እንዳልያዛት እርግጠኛ ነኝ፣ ሀይቅ ዳር አሳ ገበያው አሞራ ገደል ሄዳ ጥሬ አሳ መብላቷን ብትተው ይሻላት ነበር።

ፋርማሲ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ከአሜሪካና ከካናዳ የመጣ ሰው ብዙ ሚጃጃለው እዚህ ጋ ነው። መድሃኒቱ አለ፣ ስሙ ነው የተለየው። አንድ ከአሜሪካ የመጣ ልጅ አስም አለበት፣ አልቡቴሮል ብሎ አምስት ፋርማሲ ዞረ፣ የለም አሉት፣ ሊታፈን ነው። እዚህ ሳልቡታሞል ነው ሚባለው፣ ያው ራሱ ነው፣ መጀመሪያ የገባበት ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። አሴታሚኖፌን ወይ ታይሌኖል ምትሉት ፓራሲታሞል ነው። ለስኳር ግላይቡራይድ ምትወስዱ ግሊቤንክላማይድ በሉ። ኤፒኔፍሪን አድሬናሊን ነው። ስለዚ ከመምጣታችሁ በፊት ሀኪማችሁን የምትወስዱትን መድሃኒት ሁሉ በጀነሪክ ስሙ፣ ማለትም በራሱ በመድሃኒቱ ስም፣ እና በሚሊግራሙ አስፅፉት፣ የካምፓኒ ስም እዚህ ለማንም ምንም አይነግርም። ማዘዣችሁን ይዛችሁ መጀመሪያ የመንግስት ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ያለውን ፋርማሲ ሞክሩ፣ እዛ ከሌለ ነው ወደ ውጭ መውጣት፣ ውጭ ስትወጡ ደሞ አንዱ ጋ ብቻ አትቁሙ፣ ለአንድ ማዘዣ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ሶስት ፋርማሲዎች ሶስት ዋጋ ሲነግሩኝ አይቻለሁ። "ከሌላ ሀገር የተሰራ ርካሽ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ አለ። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ ሚገባ መድሃኒት በጣም ጨምሯል፣ አምና ሰው የነገራችሁን ዋጋ ይዛችሁ አትከራከሩ።

ስኳር ያለባችሁ ስሙኝ። እዚህ ስኳር ሚለካው በሚሊግራም ነው፣ ከካናዳ፣ ከእንግሊዝ፣ ከስዊድን የመጣችሁ ግን በሚሊሞል ነው ምታውቁት። ከለንደን የመጣች የአክስቴ ልጅ "ስኳሬ ጠዋት 9 ነበር" ብላ ነርሷን ልታስደነግጣት ነው፣ እዚህ 9 ማለት ሰው ወድቋል ማለት ነው። በ18 አባዙት፣ 9 ሲባል 162 ነው። የስኳር መለኪያ ከውጭ ይዛችሁ ስትመጡ ወረቀቱ፣ ስትሪፑ ማለቴ ነው፣ እዚህ እንደሚሸጥ አረጋግጡ፣ ካልተሸጠ ማሽኑ ጌጥ ነው። ኢንሱሊንም ፔን ለምዳችሁ ከሆነ እዚህ በብዛት ምታገኙት በብልቃጥና በመርፌ ያለውን ነው፣ ስለዚ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ሚበቃችሁን ይዛችሁ ኑና ቀስ ብላችሁ ከሀኪም ጋ ሆናችሁ ተለዋወጡ፣ በራሳችሁ ልክ እንዳትቀይሩ። መብራት ሲጠፋ ደሞ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ኢንሱሊን እንዳይሞቅ ሸክላ ውስጥ ማስቀመጥ ይሰራል፣ ትንሽ ሸክላ ትልቅ ሸክላ ውስጥ ከታችሁ መሀሉን እርጥብ አሸዋ ሙሉት፣ ጥላ ስር አድርጉት። እናቴ በዚህ ነው ክረምቱን ያለፈችው።

አሁን ደሞ ማንም ውጭ የኖረ ሰው የማይገምተው ነገር፣ አስታማሚ። ቶሮንቶ ስትተኛ ነርሷ ሁሉንም ታደርጋለች፣ እዚህ መንግስት ሆስፒታል ስትተኙ መድሃኒት ከውጭ ሚገዛው፣ ናሙና ላብራቶሪ ሚያደርሰው፣ ውጤት ሚያመጣው፣ ምግብ ሚያመላልሰው፣ ማታ ግሉኮሱ ሲያልቅ ሲስተር ሚጠራው አስታማሚው ነው። ለሰው መድሃኒቱ ሰው ነው ሚባለው ተረት ሪፈራል ግቢ ውስጥ ቃል በቃል ነው ሚሰራው። ዘመድ ከሌላችሁ ቀድማችሁ አዘጋጁ፣ የምታምኑት ጎረቤት፣ የእድር ሰው፣ የቤተክርስቲያን ወይ የመስጊድ ሰው። እድር ግቡ፣ የእውነት ነው ምላችሁ፣ እኔ መጀመሪያ እድር ለቀብር ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ እናቴ የተኛች ጊዜ ግን ተራ አውጥተው አብረዋት ያደሩት የእድር ሴቶች ናቸው። እናንተም ለሌላው ታድራላችሁ፣ ግዴታ ነው። አስታማሚያችሁ ብር ያለበት ቴሌብር ይኑረው፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተረኛ ፋርማሲ ደጃፍ ቆሞ ወደናንተ እየደወለ ብር እንዳይለምን።

ብር ካነሳን፣ የግል ሆስፒታል ሲያስተኛ ዲፖዚት ይጠይቃል፣ የውጭ ሀገር የባንክ ካርዳችሁን ተማምናችሁ አትሂዱ፣ በብር የተቀመጠ የተወሰነ ገንዘብ ይኑራችሁ። ዲፖዚት ስትከፍሉ ትርፉ እንዴት እንደሚመለስ በዛው ሰዓት ጠይቁ።

ስለ ውጭ ኢንሹራንሳችሁ ብዙ ተስፋ አታድርጉ። የአሜሪካ ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጪ ላለ ህክምና በጥቅሉ አይከፍልም። ካናዳ ኦንታሪዮ የነበራችሁ ኦሂፕ ሚባለው የመንግስት የጤና መድን እንዳይቋረጥባችሁ በ12 ወር ውስጥ ቢያንስ 153 ቀን እዛ መገኘት አለባችሁ፣ እኔ ይሄን ቆጥሬ ሳልጨርስ ቀርቶብኛል። የእንግሊዙ ኤንኤችኤስም በነዋሪነት ነው፣ ጠቅልሎ ለወጣ ሰው ዜግነቱ ብቻውን አያሳክመውም። የጉዞ ወይ የግል ኢንሹራንስ ካላችሁ ማህተም ያለው ደረሰኝ፣ የሀኪሙ ማስረጃና የላብራቶሪ ውጤት በዛው ቀን ሰብስቡ፣ ከወር በኋላ ተመልሳችሁ ማህተም ለማስመታት ስትሄዱ ያከማችሁ ሀኪም ስራ ለቆ ሄዷል ይሏችኋል። ደግነቱ ሀኪሞቻችን ካርድ ላይ ሚፅፉት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ትርጉም አያስፈልግም፣ ፅሁፉን ማንበብ ከቻላችሁ።

ኢትዮጵያዊ ዜጋ ሆነው እዚህ ያሉ ወላጅ ወይ ሚስት ካሏችሁ የማህበረሰብ ጤና መድንን ቀበሌ ሄዳችሁ ጠይቁ። በ2003 በ13 ወረዳ በሙከራ ነው የተጀመረው፣ አሁን በየቦታው አለ፣ መዋጮው በአመት አንዴ ሲሆን ሚመዘገበው ቤተሰብ ነው። ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ወደ ላይ ነው ሚሰራው፣ ዘላችሁ ሪፈራል ብትሄዱ ከኪሳችሁ መክፈል ይመጣል። የእናቴን እኔ ነኝ ምከፍለው፣ ከዚ በፊት በየወሩ ከካናዳ "ለመድሃኒት" ብዬ ምልከው ብር ትዝ ሲለኝ ያናድደኛል።

ቀጠሮ ሲሰጣችሁ አቆጣጠሩ ይለያል። ወረቀቱ ላይ 5/4 ከተፃፈ ታህሳስ 5 ነው እንጂ ኤፕሪል 5 አይደለም። የጓደኛዬ ባል ጀርመናዊ ነው፣ ጠዋት 3 ሰዓት ና ተብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ ሶስት ሰዓት ላይ ሸሚዙን ተኩሶ ደረሰ፣ ዶክተሩ ምሳውን በልቶ ሄዷል።

ጥርስ በአጭሩ፣ ከውጭ ጋ ሲነፃፀር እዚህ በጣም ይረክሳል፣ መሳሪያውን እንዴት እንደሚቀቅሉት ጠይቃችሁ ግቡ። ልጆች ያላችሁ ደሞ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ጥርሳቸው እንዳይበልዝ ሚጠጡት ውሃ ከየት እንደሚመጣ እወቁ።

ሀይቅ ዳር ጦጣ አታጫውቱ። አውቃለሁ ያምራሉ፣ ፎቶ ይወጣል፣ ግን ጦጣም ውሻም ከነከሳችሁ ወይ ከቧጨራችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዛ በዛው ቀን ለእብድ ውሻ ክትባት ጤና ተቋም ሂዱ፣ ነገ አይባልም። አምቡላንስ ቀይ መስቀል 907 ነው። እኔ ግን ደጃፋችን ላይ ሚቆመውን ባለባጃጅ ልጅ ስልክም ይዣለሁ፣ ሌሊት ከደወልኩለት ይመጣል።

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ሰኞን ተዉት፣ ቅዳሜና እሁድ የታመመው ሰው ሁሉ ሰኞ ነው ሚመጣው። ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ፣ ውሃና እስክሪብቶ ያዙ፣ እስክሪብቶው ለናንተ ብቻ አይደለም፣ ካርድ ክፍል ሰልፍ ላይ ሁሌ ሚለምን ሰው አለ። ባለፈው ህዳር ድጋሚ ወባ ይዞኝ በዚህ አይነት ሄጄ 5 ሰዓት ላይ መድሃኒቴን ይዤ ወጣሁ፣ ከሁሉም በላይ ያስከፈለኝ ባጃጁ ነው።